ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል

ደሴ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማችን ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። እዚህ አገር ንፍሮ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ከሚፈጀው ሰዓትና ከማገዶው ያውቀዋል። እኔም ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬአለሁ። በራሴ ቢከር (የቤተ ሙከራ ብርጭቆ) ውስጥ ያለው ውሃም የደሴ ውሃ መሆኑን ለማስተዋል ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ሥራዬ የማቴሪያል ፊዚክስ ነው። ጥቃቅን ዱቄቶችንና ስስ ሽፋኖችን እሠራለሁ፣ እለካለሁ፣ ባህርያቸውን አጠናለሁ። በተለይ ዚንክ ኦክሳይድ ላይ ቆይቻለሁ። ለቆዳ በሚቀባው ነጭ ቅባት ውስጥ ያለው ያ ነጭ ዱቄት ነው። አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኘው ውሃ ውስጥ ያለ ቀለም ይሰባብራል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ስለሆነች፣ ቀለም ያለበትን ውሃ ማጽዳት ለእኛ የሩቅ ጥያቄ አይደለም።

በቅርቡ አንድ የማስተርስ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ፣ "መምህር፣ ኤች-ኢንዴክስዎ ስንት ደረሰ?" አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ይህን እንድጽፍ አደረገኝ። ኤች-ኢንዴክስ የአንድ ሰው ጽሑፎች በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተቆጥሮ የሚወጣ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ግን ማንም አልነገረውም። ለእኔም በጊዜው የነገረኝ አልነበረም።

ዶክትሬቴን የሠራሁት ህንድ አገር፣ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ነው። በ2006 ዓ.ም. ወደ ደሴ ስመለስ የላብ አሠራሩን በደብተር ገልብጬ ይዤ መጣሁ። "ዚንክ አሴቴቱን አሟሙ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ፣ አፍሉ፣ 2 ሰዓት አቆዩ" ይላል። በሙቀት ልክ የተጻፈ ነገር የለውም። "አፍሉ" ነው የሚለው። እዚያ ማፍላት ማለት 100 ዲግሪ ስለሆነ ማንም ቁጥሩን መጻፍ አላስፈለገውም።

ደሴ ላይ ያንኑ አደረግሁ። ናሙናውን ለኤክስ አር ዲ፣ የክሪስታል ዓይነትና መጠን በኤክስሬይ ለሚታወቅበት ምርመራ፣ ላክን። ያኔ መሣሪያው እኛ ጋ አልነበረም። ናሙና በትንሽ ፕላስቲክ ይታሸጋል፣ ስም ይለጠፍበታል፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ለሚሄድ ሰው ይሰጣል። ውጤቱ ሲመጣ ግራፉ ላይ ያሉት ጫፎች በየቦታቸው ናቸው። የዚንክ ኦክሳይድ ሦስት መለያ ጫፎች፣ 31.8፣ 34.4 እና 36.3 የማዕዘን ዲግሪ ላይ ቁጭ ብለዋል። ነገር ግን ህንድ ካገኘኋቸው ይሰፋሉ። ጫፉ ሲሰፋ ክሪስታሉ አንሷል ማለት ነው።

ኬሚካሉን ጠረጠርኩ። አዲስ እስኪገዛ ወራት ሄደ። መጣ፣ ያው ነው። ፈርነሱን (ናሙና የምናግልበትን ምድጃ) ጠረጠርኩ። መብራት ስለሚቆራረጥ በ450 ዲግሪ መቆየት የነበረበት ናሙና መሃል ላይ ይቀዘቅዛል። እውነት ነው፣ እሱም ችግር ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱን መመዝገብ ጀመርን። አሁንም ያው ነው።

አንድ ቀን የቤተ ሙከራ ቴክኒሻናችን ቴርሞሜትሩን ይዘው መጡ። በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። "መምህር፣ ይሄ ነገር ተበላሽቶ ይሆን? ከ92 አልፎ አያውቅም" አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። ለሦስት ዓመት ያጣሁት መልስ እሳቸው እጅ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረትም ደስታም ማለት ይቸግረኛል። ዛሬም ተማሪዎቼን የላብ ሰው የሚናገረውን እንዲጽፉ የማስገድዳቸው ለዚህ ነው። ጋሼ ከዚህ በወጣው ፔፐር ላይ በምስጋናው ክፍል ሳይሆን በደራሲነት ገብተዋል።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነበር። ደሴ ላይ በክፍት ቢከር አንድ ዙር ሠራን። ዕቃችንን በሚኒባስ ጭነን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ላይ ደገምነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውሃው 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሦስተኛውን ዙር ደሴ ላይ፣ ግፊት በሚይዝ የታሸገ የብረት ዕቃ ውስጥ 100 ዲግሪ ላይ አቆየነው። ኬሚካሉ አንድ፣ ሚዛኑ አንድ፣ የሚሠራው እጅም አንድ ነው። የታሸገው የደሴ ናሙና ህንድ ከሠራሁት ጋር ገጠመ። የደሴና የኮምቦልቻ ክፍት ናሙናዎች ልዩነት ግን ከመለኪያ ስህተቱ ብዙም አላለፈም። ይህንንም እንዳለ ጻፍነው።

ፔፐሩ ስድስት ገጽ ነበር። ሁለት ጆርናሎች መለሱት። አንደኛው "ጉዳዩ የአካባቢ ነው" አለ። ሦስተኛው ተቀበለው። እሱ ነው ዛሬ ከሥራዎቼ ሁሉ በላይ የሚጠቀሰው። የሚጠቅሱት ሰዎች ማን እንደሆኑ አንድ በአንድ አይቻለሁ። ብዙዎቹ እንደ እኛ ከፍታ ላይ ባሉ ከተሞች የሚሠሩ ናቸው። ከአንዲስ ተራሮች አንድ መምህር ጽፎልኝ፣ እሱም ለዓመታት ኬሚካሉን ሲጠረጥር እንደኖረ ነገረኝ። ያን ኢ-ሜይል አትሜ ላብ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ።

ኤች-ኢንዴክስን ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል ፊዚሲስት ነው። የእኛው ዘርፍ ሰው ነው፤ ጠጣር ነገሮችን የሚያጠና ቲዎሪስት፣ ካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ። ሐሳቡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አሠራሩ ይህ ነው። ፔፐሮቻችሁን ከብዙ ጥቅስ ወደ ትንሽ ደርድሩ። 40፣ 9፣ 6፣ 3፣ 1 ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ፔፐሮች አሉ እንበል። ሦስቱ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ተጠቅሰዋል። አራቱ ግን አራት አራት ጊዜ አልተጠቀሱም። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሱ 3 ነው። 40 ጊዜ የተጠቀሰው ሥራ 400 ጊዜ ቢጠቀስም 3 ነው። ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ያድጋል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ የ30 ዓመት መምህርንና ትናንት የጀመረን ሰው በእሱ ማወዳደር ትክክል አይደለም።

ሂርሽ ራሱ ለፊዚክስ ግምት አስቀምጦ ነበር። በትላልቅ የአሜሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች 12 አካባቢ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ 18 አካባቢ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ይሆናል አለ። እነዚያ ቦታዎች ላይ ኤክስ አር ዲው እዚያው ኮሪደር ውስጥ ነው። ናሙናው ሚኒባስ አይጠብቅም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ራሳችሁን ስትለኩ ሜትሩ የተሠራው የት እንደሆነ እንድታውቁ ነው።

የጆርናሎች ኢምፓክት ፋክተርም እንዲሁ ነው። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ የሚል ቁጥር ነው። የጆርናሉ ቁጥር እንጂ የእናንተ አይደለም። ጥቂት በጣም የተጠቀሱ ጽሑፎች አማካዩን ወደ ላይ ይስቡታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶችና አሳታሚዎች ይህን ቁጥር ሰውን ለመመዘን አትጠቀሙበት የሚል መግለጫ አዘጋጅተዋል። ዶራ ይባላል። የፕሮሞሽን ኮሚቴ ውስጥ ከገባችሁ አንብቡት።

እኔ ይህን ሳላውቅ ቁጥር ሳሳድድ ሁለት ዓመት ጠፍቶብኛል። በየስድስት ወሩ አዲስ ነገር እጀምር ነበር። አንዴ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ አንዴ ፖሊመር፣ አንዴ ከቅጠል የተጨመቀ የብር ናኖ ቅንጣት። ከእነዚያ ውስጥ አንዱን አንድ ጆርናል በአራት ቀን ተቀበለው። በአራት ቀን! ሪቪወሮቹ፣ ጽሑፉን የሚገመግሙት ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቁም። ከዚያ የክፍያ ደረሰኝ መጣ። ከፈልኩ። ፕሮሞሽን ስጠይቅ ጆርናሉ ተቀባይነት የለውም ተባልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድረ ገጹም ጠፋ። ጽሑፉ ዛሬ የትም የለም። ውስጡ የነበረው ልኬት ግን እውነተኛ ነበር፤ ተማሪዬ ክረምቱን ሙሉ የደከመችበት ነው። እስካሁን የሚያሳዝነኝ የእሷ ድካም ነው።

ስለዚህ ማንም ጆርናል በኢ-ሜይል "የተከበሩ ፕሮፌሰር" ብሎ ሲጋብዛችሁ ቆም በሉ። በነጻ የሚነበብ ነኝ ካለ ዶአጅ በሚባለው ማውጫ ውስጥ መኖሩን እዩ። ከኤዲተሮቹ ስም ሁለቱን ምረጡና በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ፈልጉ። ጆርናሉ ካሳተማቸው አንዱን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። እናንተ ራሳችሁ ልትጠቅሱት የማትፈልጉት ጽሑፍ ከሆነ የእናንተንም ማንም አይጠቅሰውም።

ገንዘብ ከሌላችሁም መንገድ አለ። ኢትዮጵያ በብዙ ትላልቅ አሳታሚዎች ዘንድ የማሳተሚያ ክፍያው ሙሉ በሙሉ ከሚነሳላቸው አገሮች ውስጥ ናት። ጥያቄው ግን ጽሑፉን ስትልኩ ነው የሚቀርበው። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የጠየቀ ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ለማንበብም ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት በነጻ ይገቡበታል። የይለፍ ቃሉን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊውን ጠይቁ። እኛ ጋ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው። እስኪ የእናንተንም ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ይመስላል ግን ብዙ ጎድቶኛል። የእኛ ስም የራስና የአባት ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። የጆርናሎቹ ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ ፔፐር ላይ በአባቴ ስም፣ ሌላው ላይ በራሴ ስም ተመዘገብኩ። ስሜ ውስጥ ያለችው "ጽ" ደግሞ አንዳንዴ በአንድ የላቲን ፊደል፣ አንዳንዴ በሁለት ትጻፋለች። ስኮፐስ በሚባለው የጽሑፍና የጥቅስ መዝገብ ላይ ስፈልግ ራሴን ሦስት ሰው ሆኜ አገኘሁት። ለማዋሃድ ወራት ፈጀ። ከመጀመሪያው ፔፐራችሁ በፊት አንድ አጻጻፍ ምረጡና አትቀይሩት። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያ አውጡ። ነጻ ነው፣ አሥር ደቂቃም አይፈጅም።

አሁን ወደ ስህተቴ ልግባ፤ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

የክሪስታል መጠን የምናሰላው ፓውል ሸረር እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው ቀመር ነው። 0.9ን በኤክስሬዩ የሞገድ ርዝመት ታበዛላችሁ፤ ከዚያ ለጫፉ ስፋትና ለማዕዘኑ ኮሳይን ብዜት ታካፍላላችሁ። የመዳብ ኤክስሬይ ከሆነ የሞገድ ርዝመቱ 0.15406 ናኖ ሜትር ነው። ስፋቱ በራዲያን መሆን አለበት። በዲግሪ ያስገባ ሰው መልሱ 57 ጊዜ ይሳሳትበታል። ማዕዘኑም መሣሪያው የሚያሳየው ሳይሆን የእሱ ግማሽ ነው። እነዚህን አልሳትኩም። የሳትኩት ሌላ ነው። መሣሪያው ራሱ ጫፉን ያሰፋዋል። ያን ስፋት በሲሊከን ወይም በሌላ መለኪያ ናሙና ለክቶ መቀነስ ያስፈልጋል።

ያ ስድስት ገጽ ፔፐር ከወጣ ከአምስት ወር በኋላ አንድ አንባቢ ጻፈልኝ። "የመሣሪያውን ስፋት ቀንሳችኋል?" ብቻ ነው የሚለው። አልቀነስንም ነበር። ናሙናውን ለለኩልን ሰዎች ደወልኩ፤ የመሣሪያው ስፋት 0.12 ዲግሪ ነው አሉኝ። የእኛ አንዱ ጫፍ 0.20 ዲግሪ ነበር፤ ቦታው 36.3። ሳንቀንስ 42 ናኖ ሜትር ብለናል። የሁለቱን ካሬ ቀንሰን ሥሩን ስናወጣ 0.16 ቀረ፤ መጠኑም 52 ሆነ። አሥር ናኖ ሜትር ስተናል። የናሙናዎቹ ቅደም ተከተል አልተለወጠም፣ ድምዳሜውም ቆመ። ቁጥሮቹ ግን ስህተት ነበሩ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ለጋሼ ነገርኳቸው። "አብሽር፣ ተሳስተናል በላቸው፤ ሌላ ምን አለ?" አሉኝ። ማረሚያውን ለጆርናሉ ላክን፤ ታተመ። ጥሬ መረጃውንም አብረን በነጻ አስቀመጥነው። ዛሬ ከሚጠቅሱን ውስጥ ብዙዎቹ መረጃውን አውርደው ራሳቸው ያሰሉ ናቸው። ማረሚያው ባይወጣ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ያምኑን ነበር ብዬ አላስብም።

ቀለሙን የማጽዳት ሙከራ ላይ ደግሞ ያዳነን ሪቪወር ነው። ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ከዱቄቱ ጋር ቀላቅለን ብርሃን እናበራለን፤ ቀለሙ 664 ናኖ ሜትር ላይ ብርሃን የሚመጥጥበት ጫፍ ሲወርድ ቀለሙ ተሰባበረ እንላለን። ሪቪወሩ ሁለት ነገር ጠየቀ። ዱቄቱ ጨለማ ውስጥ ስንት ቀለም ይመጥጣል? ቀለሙ ብቻውን በብርሃን ስንት ይደበዝዛል? ሁለቱንም አልለካንም ነበር። ስንለካ የእኛ ያልነው ውጤት በጣም ቀነሰ። ተናደድኩ፤ ሲበርድልኝ ግን ሰውየው ትክክል መሆኑን አየሁ። ብርሃን ከማብራታችሁ በፊት 30 ደቂቃ በጨለማ አማስሉ፤ ያለ ዱቄትም አንድ ዙር ሥሩ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ላባችን ተዘረፈ። ፈርነሱም፣ ሚዛኑም፣ ኮምፒውተሮቹም ሄዱ። ስመለስ ወለሉ ላይ የተረፈው የጋሼ መዝገብ ደብተር ነበር። ከሁሉም በላይ ያ ደብተር በመትረፉ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። ሁለት ዓመት ያህል ምንም ናሙና አልሠራንም።

ያኔ ነው ወደ ስሌት፣ የቁሶችን ባህርይ በኮምፒውተር ወደ ማስላት፣ የገባሁት። ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ። የአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ዓይነት ስሌት የሚማሩበት አሴስማ የሚባል ትምህርት ቤትም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በተለያዩ የአፍሪካ ከተሞች ይካሄዳል። የዚንክ ኦክሳይድ ትንሿ የክሪስታል ክፍል አራት አተሞች ብቻ ናት፤ በአንድ ላፕቶፕ ይሠራል። ግን ተጠንቀቁ። ፒቢኢ በሚባለው የተለመደ ዘዴ ስታሰሉ የኢነርጂ ክፍተቱ (ኤሌክትሮን ነጻ ሆኖ ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኢነርጂ) 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ይወጣል። በላብ የሚለካው 3.3 ገደማ ነው። ይህ የዘዴው የታወቀ ጉድለት ነው እንጂ አዲስ ግኝት አይደለም። አንድ ተማሪ እንደ ግኝት ጽፎት አይቼ ቶሎ አስቆምኩት።

የፒቢኢ ጽሑፍ፣ ፐርድው፣ በርክና ኤርንዘርሆፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት፣ በፊዚክስ እጅግ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ምክንያቱ ሌሎች ሁሉ ዕቃ አድርገው የሚሠሩበት መሆኑ ነው። የሸረር ቀመር በተቃራኒው በየላቡ በየቀኑ ይሰላል፤ የ1918ቱን ጽሑፍ ግን ብዙ ሰው ሳይጠቅስ ያልፋል። ሁለቱም ዓለምን ጠቅመዋል፤ ቆጣሪው ግን እኩል አያያቸውም።

ከእኛው ሰዎች ውስጥ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን አስባለሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስት ናቸው። በደርግ ጊዜ ታስረው እስር ቤት ውስጥ ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። እስር ቤት ያስተማሩት ትምህርት በስኮፐስ ላይ አንድም መስመር የለውም።

ለተማሪው ይህን ሁሉ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ "እሺ፣ ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?" አለኝ። የጋሼን ደብተር አውጥቼ ሰጠሁት። ሐሳቤ፣ ሌሎች ባሕር ዳርቻ ላይ የጻፏቸውን የተለመዱ አሠራሮች አንድ በአንድ እዚህ ደግመን "አፍሉ" የሚለውን ቃል በዲግሪ እንድንተካው ነው። አንዱን መርጧል። ለመጪው ማክሰኞ ሚኒባስ ይዘናል። በሐረጎ ወርደን ኮምቦልቻ ላይ እንጀምራለን። ቴርሞሜትር ሁለት እንይዛለን፤ ጋሼም ጡረታ ቢወጡም እመጣለሁ ብለዋል።